በተበላ ገበያ የተነበበው አዋጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ከስልኩ ላይ አንድ የፖለቲካ ጽሑፍ አነበበልኝ። «ተነሱ!» ይላል። ጸሐፊው ያውቅበታል፤ በዚህ ዕድሜዬ እኔንም ከወንበሬ ሊያስነሳኝ ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ተበላ፣ ወላይታ ያለችው የመንደራችን ገበያ፣ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሶዶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛዬ ማርቆስ፣ መሬት ለሚያርሰው ይገባል የሚል ጽሑፍ ጻፈ። በማባዣ አባዛነውና በበቆሎ አጨዳ ሰሞን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየቆረጠምን በእግራችን ተበላ ወረድን። ማርቆስ ገበያው መሀል ድንጋይ ላይ ቆሞ በአማርኛ አነበበ፤ ቀጥሎም በወላይትኛ ተረጎመው። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር የምትሸጠው ሴት እንኳ ገበያዋን ትታ ትሰማ ነበር።

አባቴ ጭሰኛ ነበር፤ ካመረተው ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክባል። እሱም ገበያው ውስጥ ሲሰማ ቆይቶ ጠጋ አለኝ።

«በአማርኛ ነው የተጻፈው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያ አዋጅ ነው።»

ምን ያድርግ! በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ወደ መንደራችን የሚመጣው ከመንግሥት ብቻ ነበር፤ ወይ ግብር ነው፣ ወይ መጥሪያ። የተማሪ ጽሑፍ ነው ብዬ ብነግረው፣ «ልጅ ነህ፣ አታውቅም» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ቀንድ አስነፍቶ ደቦ ጠራ። ደቦ ሲባል መቆፈሪያውን ትቶ የሚመጣ የለም። በቆሎውን ሸልቅቀው በሙሉ ወደ እኛ ቤት ማጋዝ ሲጀምሩ፣ የባለመሬቱ ዘበኛ ጠመንጃውን ደግኖ ደረሰ።

«ግማሹን አስቀምጥ!»

«ግማሽ ቀርቷል። አዋጁ ትናንት ተነብቧል» አለ አባቴ፣ ሊያስረዳው እጁን ዘርግቶ እየተጠጋ።

ጥይቱ አንገቱን በጥሶት ወጣ። በቆሎው ክምር ላይ ወደቀ፤ ደሙ ፍሬውን አራሰው።

ደቦው አልሸሸም። ዘበኛውን፣ እጁን አንስቶ እየለመናቸው፣ በመቆፈሪያ ቀጥቅጠው ገደሉት። ከዚያ ወደ ባለመሬቱ ግቢ ጎረፉ። ጎተራው ሲነድ የበቆሎው መንጣጣት ተኩስ ይመስል ነበር። እኛ ቤት ያደረው ማርቆስ «ግደሉ አላልኩም! አቃጥሉ አላልኩም!» እያለ መሀላቸው ይሮጣል። እውነቱን ነው፣ አላለም። ግን ማን ይስማው?

እውነተኛው አዋጅ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። የጎረቤት ሬዲዮ መሬት የሕዝብ ሆነ ሲል መንደሩ እልል አለ። እናቴ ብቻ እንሰቷ ሥር ተቀምጣ ቀረች።

«እማ፣ አልሰማሽም?» አልኳት።

«አባትህ ነግሮኝ የለ» አለችኝ።

የልጅ ልጄ አንብቦ ሲጨርስ «እንዴት ነው፣ አያቴ?» አለኝ። አባቱ፣ የእኔ ልጅ፣ ጓሮ እየቆፈረ ነበር። ቁርጥ አባቴን ነው፤ የሰማውን ያምናል።

«ግሩም ነው» አልኩት። «ብቻ ለአባትህ እንዳታነብለት።»