አራቱም ጎማ የተኛበት መኪና

ጎሚስታው ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው አገር የሰው ጎማ ሲነፋ ኖሯል። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ መኪናው ገና ሳይቆም "የኋላ ቀኝ ንፋስ ቀንሷል" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም ብል ዋሸሁ፤ ሲሳሳት የሚያስታውስበት ሰው የለም እንጂ።

በዕረፍት ቀኑ ግን ሥራው ይገለበጣል። እንደሱ ለሥራ የመጡ፣ መኪና ያሳበዳቸው ስድስት ሰባት ሰዎች አሉ፤ አለቃቸው የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ቀይ አሮጌ ፒክአፕ ትነዳለች። አስፋልቱ አልቆ የአሸዋው በረሃ የሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ ሁሉም ይቆማሉ፤ ጎሚስታውም ከመኪና ወደ መኪና እየዞረ የሁሉንም ጎማ ንፋስ በግማሽ ይቀንሳል። አሸዋ በንፋስ የተወጠረ ጎማ አይወድም፤ ቆርጦት ይገባና ይቀበራል። ለስለስ ያለው ግን ተዘርግቶ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ሲነፋ የከረመ ሰው፣ ያ "ፍስስ" የሚለው ድምፅ የራሱ ደረት ሲቀልለት ይመስለዋል።

ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ምልክት የለም፣ ትራፊክ የለም፣ "ቁም" የሚል የለም። መኪናው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይንሳፈፋል፤ ከፊት ያለው አሸዋ ቀለሙን ይለዋውጣል፤ የሚነዳው እሱ ይሁን ሕልሙ ለይቶ አያውቅም። እዚያ ላይ ሁልጊዜ አባቱ ትዝ ይሉታል።

አባትየው አርባ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። መሪያቸውን ለልጃቸው ቀርቶ ለረዳታቸው ሰጥተው አያውቁም፤ ልጅየውም መሪ ቢከለከል ጎማ ላይ ቀረ። ዘንድሮ እህቱ ደወለችና "የአባባ ዓይን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ ለከርሞ ተስፋ አልሰጠንም" አለችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። አርባ ዓመት መንገድ ያዩ ሰው፣ መንገድ የሌለበትን አገር ሳያዩ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። ሲነጋ ሄዶ የጋራዡን አለቃ ፈቃድ ለመነ፤ በወሩ አባቱን አስመጣ።

ሽማግሌው ደረጃ ሲወጡ ክንዱን ይዘው "ጉልበቴ ነው" ይላሉ። ምግባቸውን ይበላሉ፣ ማታ ማታ የመኪናውን በር እየዳበሱ "ቀለሟ ደህና ነው" ይላሉ። ልጅየው የሚያስበው ስለ አሸዋው ብቻ ነበር።

ቀኑ ደረሰና ሄዱ። አስፋልቱ ማለቂያ ላይ ጎሚስታው መጀመሪያ የራሱን አራት ጎማ አስተነፈሰ፤ ከዚያ የሌሎቹን ሊያስተነፍስ ሄደ። ለምን እንደሚያስተነፍስ ግን ለአባቱ አልነገረም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

አባትየው ከጋቢናው ወረዱ። የሹፌር ልማድ አይለቅምና መኪናውን እየተደገፉ ዞረው ጎማውን በእግራቸው መታ አደረጉት። ተኝቷል። ሁለተኛውም ተኝቷል። አራቱንም ሲያዳርሱ ፊታቸው በእፍረት ጋለ። ጎሚስታ ተብሎ አራት ጎማ ማስተኛት! ያውም በወዳጆቹ ፊት! ከመቀመጫው ኋላ ያለችውን በባትሪ የምትሠራ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር በዳሰሳ አገኟት። ሞተሮቹ ተነሥተው ይጮሁ ስለነበር የሰማ የለም፤ ልጅየው የስድስት መኪና ጎማ እስኪጨርስ እሳቸው አራቱን ድንጋይ አስመሰሏቸው።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ጉብታ ላይ መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ጎሚስታው ነዳጅ ሲሰጥ ጭራሽ ተቀበረ። በመኪናው መገናኛ ሬዲዮ የነርሷ ድምፅ መጣ።

"ምነው ጎሚስታው፣ ሙያህን ቤት ረስተኸው መጣህ?"

ወርዶ ጎማውን ጫን አደረገው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ቀና ሲል አባቱ አጠገቡ ቆመዋል።

"እኔ ነኝ የሞላሁት" አሉ። "አራቱም ተኝተው ነበር። ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ነርሷ ደርሳ ይህን ስትሰማ ሳቅ አቅም አሳጣትና አሸዋው ላይ ዘጭ አለች። ጎሚስታው ግን አልሳቀም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ አባቱ ወደ አገር ቤት የሚመለሱት ከነገ ወዲያ ነው፤ ነገ ደግሞ እሱ ሥራ አለው። ዛሬ ካላዩ መቼ ሊያዩ? አካፋውን ይዞ እንደ እብድ ይቆፍር ጀመር። አባቱ ተንበርክከው ቫልቩን በጣታቸው ፈለጉና ንፋሱን መልቀቅ ያዙ፤ ፀጥ ብለው ያዳምጣሉ።

"ይበቃዋል?"

"ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ።"

ሲጨርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሞተሩን አስነሣ፤ መኪናው ከጉድጓዱ ወጣና ትልቁን የአሸዋ ተራራ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል ይወጣው ጀመር። አናቱ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ እኩሌታዋ ገብታ፣ አገሩ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። አባቱን አወረዳቸው።

"ደረስን። ይመልከቱ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩ። ያዩት ግን ፀሐይዋን አልነበረም፤ ከወዲያ በኩል የጨለመውን ሰማይ ነበር።

"በዚህ በኩል ናት" አለ ልጅየው፣ ወደ ፀሐይዋ እየጠቆመ።

"አውቃለሁ። ሙቀቷ ማጅራቴ ላይ ነው።" "ማየት ያቆምኩት ሐኪሙ ካየኝ በሳምንቱ ነው። እህትህም አታውቅም። ብነግራችሁ መቼ ታስመጣኝ ነበር?"

ጎሚስታው ወደ ፀሐይዋ የዘረጋውን እጁን አወረደ። ዘግይቷል፤ ትኬቱን ሳይቆርጥ በፊት ዘግይቶ ነበር።

"ታዲያ ለምን መጡ፣ አባባ? እዚህ ከማየት በቀር ምን አለ?"

"አንተ አለህ። አንድ ቀን እንኳ አጠገብህ ተቀምጬ ስትነዳ ሰምቼ አላውቅም።" የመኪናውን በር በእጃቸው ፈልገው ገብተው ተቀመጡ። "ማርሽ አታንገጫግጭም። ሞተሩን አታስጮኸውም። እኔ በስንት ዓመቴ የለመድኩት ነገር ነው።"

ከፊታቸው ያለው ቁልቁለት ቀጥ ያለ ነው፤ ነርሷ እንኳ ሁልጊዜ አናቱ ላይ ቆም ብላ ነው የምትወርደው። ጎሚስታው ገባና በሩን ዘጋ።

"ቀስ ብዬ ነው የምወርደው፣ አባባ። አይፍሩ።"

"ለኔ ብለህ ቀስ አትበል" አሉ። "ገደል የሚያስፈራው የሚያይን ሰው ነው።"

ጎሚስታው በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና አንደኛ ማርሽ አስገባ።