ሙቀጫ ያሸነፈበት ቀን

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሶስናና የጎረቤታችን ልጅ ሜላት አንድ ስልክ እየተጓተቱ መጡብኝ። ስልኩ የሜላት ነው። በውስጡ አውሬዎች ይፋለማሉ። ሶስና የመረጠችው ጀርባው ቅርፊት የሆነ፣ ሲመቱት ራሱን የሚከት፣ ሰነፍ የሚመስል አውሬ ነው። በእሱ አሸንፋለች።

«አይቆጠርም!» አለች ሜላት። «እማማ፣ ተደብቃ እኮ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ አልመታችም!»

«እምዬ፣ አንቺ ፍረጂን» አለች ሶስና።

ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ። አያት ተባልሁ እንጂ ገና አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጨዋታ አውቀዋለሁ።

ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። አጎቴ ጋሼ ይርጋ «አስተምራታለሁ» ብሎ ወሰደኝ። አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ ግን አልለውም። ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት ነበረው፤ ሦስት ቴሌቪዥንና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች። በክረምት ጣሪያው ያፈሳል። ከሐይቁ የሚመጣው የእርጥብ ደንገል ሽታ ከጎረምሶቹ ላብ ጋር ተደባልቆ ልብሴ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሳይቀር አፍንጫቸውን የሚይዙ ልጆች ነበሩ። ከትምህርት መልስ እጠርጋለሁ፣ ተራ አስይዛለሁ፣ ሲጣሉ እገላግላለሁ። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ማሽኖቹን እየሞከርሁ እከፍታለሁ። ጨዋታውን የተማርሁት ያኔ ነው።

ሁሉም የሚሻማው እሳት የሚተፋውን አንበሳ መሳይ አውሬ ነበር፤ ነበልባል ይሉታል። ማንም የማይነካው ደግሞ አንድ ኤሊ መሳይ ነበር፤ ሙቀጫ ብለው ስም አወጡለት። መሮጥ አይችልም፣ ምቱም ደካማ ነው። ራሱን ከከተተ ግን እሳቱ ይጭረው እንጂ አይጎዳውም። አልፎ አልፎ የሚተፋው መርዝ አለ፤ የባላጋራውን ዕድሜ ጠብ ጠብ እያደረገ ይጨርሳል። ነበልባልም ሦስት ጊዜ ከተፋ በኋላ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ይቆማል። ይህን ቆሞ ከሚያይ በቀር የሚጫወት ሰው አያስተውለውም።

በዚያ መስከረም ስምንተኛ ክፍልን አልፌ ነበር። ለዘጠነኛ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፤ አሳዳጊ ካልቀረበ ደግሞ አይመዘግቡም። ጋሼ ይርጋን በጠየቅሁት ቁጥር «ቤቱን ማን ይጠብቃል?» ይላል። ማክሰኞ ከሰዓት ሰው በተሞላበት ደግሜ ጠየቅሁት። የተጠበሰ አሳ በዳጣ እየበላ ነበር።

«ቢኒያምን አንድ ጊዜ ካሸነፍሽው ዓርብ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ እሾህ ከጥርሱ እየነቀለ። ቢኒያም ልጁ ነው፤ በሠፈሩ የሚችለው አልነበረም።

«ዳኛ ይኑረን» አልሁ።

ቤቱ ሁሉ አውካካ። እኔ ያደግሁት ሰው ሲወራረድ ዳኛ በሚያስቀምጥበት አገር ነው፤ በዳኛ ፊት የተባለ ቃል ይታጠፋል ብዬ አላሰብሁም። ከጎን ያለውን ልብስ ሰፊ ጋሽ ይስማውን ጠራሁ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ፤ ቃሉን ከአጎቴ አፍ ሰሙ።

«እሺ፣ ዳኛ ነኝ» አሉ ደስ ብሏቸው።

ሙቀጫን ስመርጥ ከኋላ ጩኸት ተነሳ።

«ሙቀጫ ይዛ መጣች! ልትወቅጠን ነው!»

ቢኒያም በነበልባል እሳት ይተፋል፤ እኔ እከተታለሁ። ሦስተኛውን ቆጥሬ ብቅ እልና መርዜን ተፍቼ እመለሳለሁ።

«ምቺ እንጂ፣ እንቅልፌን አመጣሽው!»

«አንተ ምታ። እኔ አልቸኩልም።»

ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ የሚሰማው የቢኒያም ጣቶች ድምፅ ብቻ ነበር። የጨዋታው ሰዓት ሲያልቅ የእሱ ዕድሜ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ የእኔ ገና ከግማሽ በላይ ነው። በእኔ በኩል አሸናፊ የሚለው የፈረንጅ ጽሑፍ ወጣ።

«አባዬ፣ እሷ እኮ አልተጫወተችም» አለ ቢኒያም። «ተሸፍና ነው የተቀመጠችው።»

«ይስማው፣ ዳኛው አንተ ነህ፤ ፍረድ» አለ አጎቴ።

ጋሽ ይስማው ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ በሩ አናት ሄደ። የስፌት መኪናቸውና ካውያቸው የሚሠሩት ከአጎቴ ቆጣሪ በተጠለፈ መብራት ነው፤ ሽቦው በዚያ በኩል ያልፋል። ዓይናቸው የት እንዳረፈ አይቻለሁ።

«ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አሉ።

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ማን አሸነፈ ነው የጠየቅሁዎት።»

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እየጠቀለሉ ወጡ። ከአግዳሚው የተቀመጡትም ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ። አጎቴ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ቢኒያም ጨዋታውን እንደገና አስጀመረ።

ዓርብ ካርዴን ይዤ ብቻዬን ሄድሁ። መዝጋቢዋ «አሳዳጊሽን ጥሪና ነይ፣ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። የምጠራው ሰው እንደሌለ መናገር አፈርሁ። እስኪዘጉ ድረስ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ፤ ስትወጣ አይታኝ አንገቷን ደፋች። በዓመቱ ዳሩኝ። ጋሽ ይስማው የሠርጌን ቀሚስ ሳይለኩኝ ሰፍተው በነፃ ላኩልኝ። ልክክ አለ። ሌላ ስላልነበረኝ ለበስሁት።

ብዙ ጊዜ አስቤያቸዋለሁ። አምስት ልጆች በዚያች የስፌት መኪና ያሳድጉ ነበር። ይህን ባውቅም አልማርኋቸውም፤ ዳኛ ነኝ ያሉት በራሳቸው አፍ ነው።

«እምዬ!» አለች ሶስና እጄን እየጎተተች።

«አሸንፋለች» አልሁ። «አውሬው እንዲከተት አድርገው ነው የሠሩት። ያሸነፈ አሸንፏል።»

ሜላት ፊቷ ተለዋወጠ። «እንግዲያው በስልኬ አትጫወትም» አለችና ይዛው ሄደች።

ሶስና እስከ በሩ ተከተለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ባትፈርጂልኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ይሄኔ ገና እጫወት ነበር።»

አላባበልኋትም። ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን አሸንፋ ባዶ እጇን ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።