አንቱ የምትለው ቻይናዊት

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የቻይና መጽሐፍ ሲባል ፖለቲካ ነበር። ጄኔቭ ከገባሁ በኋላ በፈረንሳይኛ ያገኘሁት አጭር ታሪክ ግን ስለ አንድ ሽማግሌ አናጺና ስለ ሚስቱ ነው። ሽማግሌው ይሞታል፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ታወራዋለች። ወደ አማርኛ የመለስኩት ለባለቤቴ ብዬ ነው። የአባቷን መርዶ እዚሁ ጄኔቭ፣ ሊኞን ሰፈር ባለው ቤታችን ሰምታ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም ነበር፤ እንድታለቅስ ፈለግሁ። አንብባ ስትጨርስ «ጥሩ ነው» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ዙሪክ ዳር፣ ሽሊረን የሚኖር የተማሪ ቤት ባልንጀራ ነበረኝ። ያንኑ ታሪክ እሱም ከጀርመንኛ ተርጉሞት ኖሯል። ቻይንኛ ሁለታችንም አናውቅም። በትንሣኤ ሰሞን ቤቱ ጠራንና ከምሳ በኋላ አነበበልን።

የእኔዋ ሴትዮ ባሏን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንተ» ትለዋለች፤ ፈረንሳይኛው እንደዚያ ይላል። የእሱዋ ግን «አንቱ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ፤ አንቱ፣ ጫማዎን ያውልቁ» እያለች ኖራ፣ ከሞተ በኋላ ፊቱን ልትሸፍን ስትል ብቻ «አንተ፣ ተነሣ እንጂ» አለችው። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ብዙ አለቀሰች።

ቆሽቴ አረረ።

«ጀርመንኛው የቱ ጋ ነው እንደዚህ የሚለው?» አልኩት፣ ወጥ ቤት ተከትዬው ገብቼ።

«አይልም» አለ ሳህን እያጠበ። «እናቴ ግን አባቴን አንተ ብላው አታውቅም። የቀብሩ ዕለት ብቻ ነው የሰማኋት።»

«ይሄ እኮ ትርጉም አይደለም።»

«ይሆናል።»

አለመከራከሩ ይብስ አናደደኝ። እኔ ለአንዲት ቃል መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ከርሜ፣ እሱ የገዛ እናቱን ወስዶ ቻይና አስቀመጣትና ሚስቴን አስለቀሰብኝ። እኔ ማስለቀስ ያቃተኝን ሚስቴን።

በባቡር ስንመለስ ባለቤቴ ከቦርሳዋ የሱን ጽሑፍ አወጣች፤ ለምና ተቀብላው ኖሯል። «ዓይኔ አብጧል፣ አንተ አንብብልኝ» አለች። እምቢ ልል ስል ፊቷን አየሁት። አነበብኩላት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር በመጣ ቁጥር እየከፋኝ፣ ግን ደግሞ ላበላሸው ሳልችል፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

«ዛሬ ገና አማርኛህ አማረ» አለችኝ።