ማንሻውን የተከልን ሰሞን

ባሌን ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ደግፈው ከቀበሌው እስር ቤት አምጥተው ጋራዣችን በር ላይ ሲያስቀምጡት ጫማ አላደረገም። ጫማ የሚገባበት እግርም አልነበረውም። ውስጥ እግሩ በግርፋት አብጦ ቆዳው ተተልትሏል፤ መሬት በነካው ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ወንጀሉ ከከተማችን ከመቱ ለሸሸ አንድ ሰው መኪና ጠግነሃል የሚል ነው። ጠግኗል። ለማን ያልጠገነው አለ? በዚያ ጭቃ ካምቢዮ ያልተሰበረበት ባለመኪና የለም፤ እሱ ደግሞ መኪናውን እንጂ የባለቤቱን ፊት አያይም።

ከኋላቸው የቀበሌው ካድሬ መጣ። ከአንድ የቡና ባለሀብት የተወረሰች አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበረችው። እሷን አስገፍቶ ግቢያችን አስገባት።

“ካምቢዮዋን አውርደህ ትሠራታለህ” አለው። “ለአብዮቱ በዓል እነዳታለሁ። ከሠራህ ቤትህ ትገባለህ። ካልሠራህ ጉዳይህ ወደ ላይ ይተላለፋል።”

ወደ ላይ ከተላለፉት መካከል ተመልሶ የመጣ ሰው አላየንም። እኔም ያን ቀን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዋ ተሠርታ ባሌ ቤቱ እንዲገባ።

ጋራዡ ግቢያችን ውስጥ ነው። ቀድሞ መኪና የሚጠገነው ጉድጓድ ላይ ነበር፤ ግን የመቱ ዝናብ እየሞላው ስላስቸገረ ባሌ ደፈነው። በምትኩ መንገድ ሠሪ ፈረንጆች ጥለውት ከሄዱት ካምፕ ባለ ሁለት ምሰሶ የመኪና ማንሻ ገዛ። ሁለት የብረት ምሰሶ ነው፤ መኪናዋ በመካከላቸው ትቆማለች፤ ከምሰሶዎቹ የወጡት ክንዶች ከሥር ይይዟታል፤ መዘውሩን በእጅ ሲያዞሩት ክንዶቹ ይዘዋት ይነሳሉ። ምሰሶዎቹን ወለሉ ላይ በቡሎን ማሰር ብቻ ሲቀረው ነው ባሌን የወሰዱት።

መቆም ስላልቻለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያዝዘኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አቅፈው ያዩኛል። የቡሎኑን ቀዳዳ በመሮና በመዶሻ ነበር የምቆፍረው። እውነቱን ልናገርና፣ እያንዳንዱን ምት የካድሬው ግንባር ላይ ነበር የማሳርፈው። እጄ ደማ፤ መዶሻውን ለማንም አልሰጥም አልኩ።

ሲሚንቶው እንዳለቀ መሮው በድንጋዮቹ መካከል ድንገት ሰመጠ። ሳወጣው ጥቁር፣ የበሰበሰ የቡና ገለባ ይዞ ወጣ። በእኛ አገር ግቢ ሲጨቀይ ከቡና መቀሸሪያው ገለባ በከረጢት ተሸክሞ ጭቃውን ማልበስ ነው፤ ጎረቤት ወረዳዎቹ ሁሩሙም ብትሄዱ ኖፓም ብትሄዱ እንዲሁ ነው። እኛም ለዓመታት አልብሰናል። የጋራዡን ወለል ስናሠራ ለደቦ የመጡት ጎረቤቶች፣ ገለባው መሬቱን አደረቀልን ብለው ተደስተው ላዩ ላይ ድንጋይ ደረደሩ፤ በድንጋዩ ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰ። ገለባ ይበሰብሳል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። አሁን ወለሉ ሥሩ ባዶ ሆኗል።

ባሌ ገለባውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ካድሬውን አስጠራው።

“ጓድ፣ ይህ ወለል ምሰሶ አይሸከምም። ገለባው ተቆፍሮ ይውጣና አዲስ ሲሚንቶ ይፍሰስ። እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንት ይስጡኝ።”

“በዓሉ እስኪያልፍ ልታጉላላኝ ነው?”

ይህን ብሎ ያበጠውን ውስጥ እግር በከስክስ ጫማው ረገጠው። ባሌ ከጎማው ላይ ተንከባሎ ወደቀ። መዶሻውን አንስቼ ተነሳሁ፤ አንደኛው ጠባቂ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ክንዴን ጠምዝዞ ያዘኝ።

“እትዬ፣ ይተዉ! የሚገድሉት እሱን ነው” አለኝ በጆሮዬ።

መዶሻውን ጣልኩት። ቡሎኖቹን ካድሬው በሚፈልገው መንገድ በሲሚንቶ ቀበርን፤ ሲሚንቶው በወጉ ሳይደርቅ አጠበቅናቸው። ምሰሶዎቹ ባዶአቸውን ቀጥ ብለው ቆሙ። ላንድሮቨሯ መሐል ገባች፤ ጠባቂዎቹ መዘውሩን ሲያዞሩ እያቃሰተች ከሰው ቁመት በላይ ተነሳች። ካድሬው ሳቀ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋ ሥር ገባና ሆዷን እያየ፣ “ይኸው አልተነሳችም? ቀድሞ መገረፍ ነው የሚያስፈልጋችሁ” አለ።

ያኔ ሰማሁት። በቀኙ ምሰሶ ሥር ያለው ወለል እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጠቀ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ካድሬው እያወራ ስለነበር አልሰማውም። ባሌ ግን ሰምቷል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። በዓይኔ፣ ዝም በል፣ ዝም በል አልኩት። የባሌን እግር የረገጠው ሰውዬ እዚያው ከመኪናው ሥር ነው፤ እንዳያመልጥም ጀርባውን ሰጥቶናል። ደስታ ተሰማኝ። አዎ፣ ደስታ ነበር።

“በኢ! በኢ!” ብሎ ጮኸ ባሌ፤ በኦሮምኛ ውጣ ማለቱ ነው። ሲደነግጥ አፉ የሚፈታው በእናቱ ቋንቋ ነበር።

ካድሬው ዘሎ ወጣ። ምሰሶው አዘነበለ፤ ላንድሮቨሯ በጎኗ ወርዳ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ደፈጠጠችው። መስታወቱ ግቢውን ሞላው፤ ዘይቱ እስከ እግራችን ፈሰሰ። ጠባቂዎቹ ሸሽተው አጥሩ ጋ ተለጥፈዋል። ካድሬው ሱሪውን አራገፈ። መጀመሪያ መኪናዋን አየ፣ ቀጥሎ ባሌን አየ። ሊያመሰግነው ነው ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ሽጉጡን መዝዞ በእጀታው አፉን መታው። ያንኑ የጮኸለትን አፍ ደጋግሞ መታው።

“አሻጥረኛ! ልትገድለኝ ነበር!”

ጥርሱ ዘይቱ ላይ ሲወድቅ አየሁ። ልገባ ስል ጠባቂዎቹ በሰደፍ ጎኔን ብለው ጣሉኝ። ባሌን በሁለት እጁ እየጎተቱ ወሰዱት፤ ጉዳዩም ወደ ላይ ተላለፈ።

ተመልሶ የመጣ አላየንም ብያለሁ፤ እሱ መጣ። ሁለት ክረምት አልፎ፣ የፊት ጥርስ ሳይኖረው፣ እያነከሰ ገባ። ሰው ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብሎ ሲበተን እንጀራውን በወጥ እያራስኩ ሳጎርሰው ያ ሁሉ ጊዜ ሳብሰለስለው የኖርኩትን ጠየቅሁት።

“ለምን ጮህክ?”

“መኪናዋ ልትወድቅ ስትል አየኋታ።”

“ዝም ብትልስ?”

ማኘኩን ተወ። የማያውቃት ሴት ቤት ተሳስቶ የገባ ይመስል አተኩሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፤ ልጆችም ወለድን፤ ያን ቀን እንዳየኝ እንደ ባዕድ ግን ዳግም አላየኝም። አሁን እሱ የለም። ብትጠይቁኝ ዛሬም ዝም ቢል ይሻል ነበር እላለሁ።