በቁሟ የተለቀሰላት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ መሞቷን የሰማችው ከጎረቤቷ ነው። ጎረቤቷ ሰፈሩ «ራዲዮ» ብሎ ስም ያወጣላት፣ ያለ ባትሪ የምትሠራ ሴት ናት። ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ፣ ቀሚሱን ከነፌስታሉ ወንበር ላይ ወርውራ ጋዜጣ ዘረጋች።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳትደነግጪ» አለች። «ሞተሻል።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለነበር ወዲያው አልመለሰችም። አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አራገፈችና «መቼ?» አለች።

«ቀኑን አልጻፉትም። ሰውየሽ ግን ሐዘኑ እስካሁን አልወጣለትም ይላል።»

«ሰውየሽ» የተባለው ሰዓሊ ነው። ድሮ የኮቱን ክርን ሊያስጠግን ገብቶ፣ ኮቱ ተጠግኖ ካለቀ በኋላም ሳይወጣ የቀረ ሰው ነው። ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ለዓመታት ኖሩ። ያን ጊዜ እንኳን ሕዝብ፣ የቤት አከራያቸውም ስሙን አያውቀውም ነበር። እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ የሚሥለው ሰው ቅንድቡን ካነሳበት ቀኑ ይበላሽበታል። እሷ ደግሞ ተገትራ የምትሣልበት ጊዜ ከየት ታምጣ? ስትሰፋ ትውልና ድካም ሲጥላት፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ጉንጯን ክንዷ ላይ አሳርፋ ታሸልባለች። ሰዓሊው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሌሎች ሰዓሊዎች ብርሃን ይጠብቃሉ፣ እሱ የሷን እንቅልፍ ይጠብቅ ነበር።

ብዙ ጊዜ ነቅታ እንኳ ዓይኗን አትገልጥም። እጇ ይደነዝዛል፣ አንገቷ ይንቋቋል፣ እሷ ግን እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። ለእሷ ፍቅር ማለት ይኸው ነበር፤ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ሲመላለስ እሽ አለማለት።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ሥዕሎቹን ወደደለት። «ቦታ ቦታዬን ልያዝና እወስድሻለሁ» ብሎ ሥዕሎቹን ተሸክሞ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ ስትደውልለት ያነሳ ነበር፤ በኋላ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ሆነ። ልብስ ሰፊዋ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ራዲዮም «ይቺ ሥራ ቁመቷ ስንት ነው?» ትላለች።

ጋዜጣው ላይ ያለው እንዲህ ነበር፦ ዝነኛው ሰዓሊ በሞት የተነጠቀችውን ፍቅሩን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እያለቀሰ የሣለበት «የመጨረሻው እንቅልፍ» ኤግዚቢሽን ዛሬ ከሰዓት ይከፈታል።

ልብስ ሰፊዋ ጋዜጣውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መብራቷን አጠፋች።

«ወዴት ነው?» አለች ራዲዮ፣ ጫማዋን እያጠለቀች።

«ልየው።»

«እኔም እመጣለሁ። ሬሳ ብቻውን አይሄድም።»

አዳራሹ ነጭ ነው፤ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል። እሷም በየግድግዳው ላይ ተጋድማለች። ያኔ ከሣላቸው ሥዕሎች ላይ የስፌት መኪናዋን አጥፍቶ ነጭ አንሶላ አልብሷታል፤ የጉንጯን ቅላት አንስቶ የአመድ ቀለም ሰጥቷታል። ትከሻዋ ላይ የቀረችውን ቀይ ክር ግን አልነካትም። መነጽር ያደረገች ሴት ፊቷን በሶፍት ሸፍና ትነፋረቃለች። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሬሳ ቆማ አየች። ሬሳዋ ቆንጆ ነበረች። ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ በሕይወት ሳለች እንዲህ አሳምሮ አልሣላትም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው። በሰው ፊት እጇን ይያዝና «ይቺ ናት፣ አለች» ይበል። ሌላውን እቤት ይጨቃጨቁበታል።

ሰዓሊው አያትና ፊቱ ከሥዕሉ የባሰ አመድ መሰለ። ጎትቶ ከአንድ ዓምድ ኋላ አቆማት።

«የኔ ዓለም፣ ታገሺኝ። ተኝታ ያለች ልብስ ሰፊ ለማየት ማን ይሰለፋል? ከሞተች ግን ይሰለፋል። ስሜ እስኪቆም ነው።»

«ስምህ የቆመው እኔን አጋድሞ ነው» አለች።

የአዳራሹ ኃላፊ መጣ። ሥዕሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ክው አለ። «ቁርጥ እሷን! ማን ናቸው?»

«እህቷ ናቸው» አለ ሰዓሊው።

ከውሸቱ ይልቅ አንቱታው ወጋት። አንድ ትራስ ተጋርተው የኖሩ ሰዎች! ሰዎች ደግሞ ወዲያው ከበው «እግዜር ያጽናዎት» እያሉ እጇን ይጨብጡ ጀመር።

«እህት የለኝም» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እኔ ነኝ። አልሞትኩም፣ ደክሞኝ ተኝቼ ነው። እዚህ ጋ የስፌት መኪና ነበር፤ ያቺን ክር ተመልከቱ፣ ክር ይዞ የሚሞት ማን ነው?»

ባለመነጽሯ ሴት መጥታ አቀፈቻት። «አይዞሽ እናቴ። እኔም እህቴ የሞተች ጊዜ አልሞተችም ስል ነበር።»

ኃላፊው ግራ ተጋብቶ ወደ ሰዓሊው ዞረ። «እውነታቸውን ነው እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ አፍ አፉን አየች። ሰዓሊው መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ግድግዳውን አየ።

«ሐዘኑ ገና አልወጣላቸውም» አለ፣ እንባውም ወረደ። የባሰው ነገር እንባው እውነተኛ መሆኑ ነው። ሶፍት የያዘ ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ።

ራዲዮ አፏን ልትከፍት ስትል ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ያዘቻት። «ተይው እትዬ። እንሂድ።»

ከሳምንታት በኋላ ሰዓሊው ጥቁር መነጽር አድርጎ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ራዲዮ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር፤ ሰላምታውን አልመለሰችም።

«ሥዕሎቹ ተሸጠው አለቁ» አለ በበሩ ክፍተት። «ሌላ አምጣ ይሉኛል፣ እጄ ደግሞ ያላንቺ እምቢ አለኝ። አንዴ ብቻ ተኚልኝ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «እተኛልሃለሁ» አለች ከውስጥ። «መጀመሪያ እዚያው ቆመህ ማን እንደሆንኩ ለሚያልፈው ሰው ተናገር።»

ሰዓሊው ግራ ቀኝ አየ። አፉን ሲከፍት አንድ ጎልማሳ መንገደኛ ስልኩን አውጥቶ ቀረበ። «እርስዎ ያ ሰዓሊ አይደሉም? እዚህ ሰፈር ምን ሊሠሩ መጡ?»

«እኔ?» አለ ሰዓሊው። «ሱሪ ላሳጥር።»

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እጇን ዘረጋች።

«አምጡት» አለች።

ሰዓሊው ከለበሰው በቀር ሱሪ አልያዘም ነበር። ራዲዮ ከምስሯ ቀና ብላ፣ «እንጠብቃለን፣ ያውልቁት» አለች።

ጎልማሳው ሳቀ፤ ሰዓሊው ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ የዘረጋችውን እጇን የሰበሰበችው ጥጉን ከዞረ በኋላ ነው።