አናቶሚ ያስለቀሰን ዓመት

ነርሲንግ ልማር ፍኖተ ሰላም ስገባ አናቶሚ የሚባለውን ቃል በወጉ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ነርስ ማለት ቡሬ እያለን እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ነጭ ጋውን ለብሳ እጇን ይዛ «አይዞሽ» ያለቻት ሴት ነበረች። እሷን መሆን ፈለግሁ። እዚያ ለመድረስ የሰውን አጥንት አንድ በአንድ በስም መጥራት እንዳለብኝ የነገረኝ አልነበረም።

አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ የቋሪት ሰው ነበረች፤ መንደሯ ከገበዝ ማርያም ወጣ ይላል። ልጅ አልኩ እንጂ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ገና ሳትጠና ተድራ፣ ትዳሩን ትታ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ከታናናሾቿ ጋር አንድ ክፍል እየተቀመጠች ነበር ትምህርቷን የጨረሰችው። የተገናኘን ዕለት «እትዬ» ስላት ሳቀችብኝ።

«እትዬ ካልሽኝማ ትምህርቱን ሳልጀምረው አረጀሁ ማለት ነው። አንቺ በይኝ» አለችኝ።

አናቶሚ የሚያስተምሩን በነርስነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ። ሲስተር እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ የትከሻ አጥንት አንስተው የጠርዙን፣ የጉድጓዱን፣ የጉብታውን ስም በእንግሊዝኛ ሲዘረዝሩት እጄ መከተል አቃተው። አንድ አጥንት አንድ ስም ያለው ይመስለኝ ነበር። ለካስ አጥንቱ ላይ ያለው ጉብታ ስም አለው፤ ጉብታው ላይ የሚያርፈው ጡንቻ ስም አለው፤ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም ስም አለው። ሲስተር ቀና ብለው አዩንና፣ «ዛሬ ያልገባው ሰው ብቻውን አይደለም። እኔም በጊዜዬ አልቅሼበታለሁ» አሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጥንት አለፉ።

አናቶሚ ብቻውን ቢሆን ደግ ነበር። ፊዚዮሎጂው አለ፣ ማይክሮባዮሎጂው አለ፣ ቁስል አጠባውና አልጋ አነጣጠፉ አለ። የአንዱን ፈተና ጨርሰን ሳንተነፍስ የሌላው ይደርሳል። ክፍል ውስጥ ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ የሚጥላቸው ነበሩ። ነጋ ጠባ ራሷን የሚያማትም ነበረች። እኔ ምግብ አልበላ ብሎኝ ቀሚሴ ሰፋኝ።

ቡሬ ስማር ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ ጉብዝናዬ ግን ሽምደዳ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ያልገባትን ነገር ዘላ ማለፍ አይሆንላትም። እኔ ሃንድአውቱን ጮክ ብዬ ሳነብ ታስቆመኛለች።

«ቆይ እስቲ፣ ይኼ ምን የሚሠራ ነው?»

«እሱን አላየሁትም። ስሙን ነው የያዝኩት።»

«ሥራውን ሳላውቅ ስሙ እንዴት ብሎ ይገባኛል?»

አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዞረችና አንገቴ ላይ የተገተረውን ጡንቻ በጣቷ ያዘችው። «ይኼ ማን ይባላል?» ስትለኝ «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» አልኳት። ለመድገም ሞክራ መሐሉ ላይ ቀረች።

«ይኼስ የክርስትና ስሙ ነው። የቤት ስሙን ንገሪኝ» አለች።

ሳቃችን እስኪበርድ ቆየን። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ነገር በአማርኛ የቤት ስም ማውጣት ጀመርን፤ «ራስ አዟሪው»፣ «ክንድ አጣፊው»፣ «የጉልበት ክዳን»። በቤት ስሙ ከጠየቅኋት የት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚያንቀሳቅስ ሳትሳሳት ትነግረኛለች። የክርስትና ስሙ ላይ ስንደርስ ግን ላብ ያጠምቃታል።

የተግባር ፈተናው እንዲህ ነው፦ በየጠረጴዛው ላይ ምልክት የተደረገበት አጥንት ይቀመጣል። አይተሽ ስሙን ትጽፊያለሽ። ደወል ሲመታ ጻፍሽም አልጻፍሽም ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። ከእኔ ፊት የነበረችው እሷ ናት። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የጭን አጥንት ነበር፣ ስንት ጊዜ ያጠናነው። እስክሪብቶዋን አንስታ ቆመች። ደወሉ መታ። ምንም ሳትጽፍ ወደ ሁለተኛው አለፈች። ከዚያ በኋላ ሳትጽፍ ስታልፍ ከኋላ እያየሁ እኔም የማውቀው ጠፋኝ።

ሲስተር እያንዳንዳችንን ለየብቻ ጠርተው ውጤታችንን ነገሩን። እኔ ለትንሽ አለፍኩ። እሷ ወደቀች።

ቤት ስመለስ ልብሷን ስታጥፍ ደረስኩ።

«አባቴ ጋ ደውያለሁ» አለችኝ። «ና ውሰደኝ ብየዋለሁ።»

«ድጋሚ ፈተና አለ እኮ።»

«ድጋሚ ቢፈትኑኝ ድጋሚ መውደቅ ነው። የሰው መሳቂያ ከምሆን እርሻው ይሻለኛል።»

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አባቷ ቶሎ አልደረሱም። እየጠበቀቻቸው ክፍል መግባቱን ተወች። እኔ ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኛታለሁ። የምትፈራው ፈተናውን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ትዳሯን ትታ ስትመጣ ዘመድ አዝማዱ ሲያማ፣ «ልጄ ትማራለች» ብለው የተከራከሩላት አባቷ ነበሩ። ምን ብላ ታያቸው?

መኪና መሄድ ሲጀምር መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ድንች አሸክመው። ከሲታ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ተቀመጡና የታጠፈውን ልብስ አዩት። ማንም እስኪናገር አልጠበቁም።

«አልቻልኩም ካልሽ አልቻልሽም ነው፣ ልጄ» አሏት። «ቤትሽ እንዳለ ነው። እንሄዳለን።»

አንገቷን ደፍታ፣ «አባዬ፣ አትቆጣኝም?» አለች።

«በምን ልቆጣሽ? ሞፈር የሰበረ በሬ ይመታል እንዴ? ጉልበቱን ሰጥቶ እኮ ነው የሰበረው።»

እሳቸው አንድ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ወጡ። እሷ የያዘችውን ቀሚስ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጎኗ ተቀመጥኩ። አልቅሳ ሲወጣላት፣ «ቢቆጣኝ ኖሮ እሄድ ነበር» አለችኝ። «እንዲህ ብሎኝ ግን እንዴት ብዬ ልሂድ?»

ፊቷን ታጠበችና ሲስተር ዘንድ አብረን ሄድን። አጥንቶቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ምን እንደ ደረሰባት ጠየቋት።

«አውቀዋለሁ፣ ሲስተር። ደወሉ ሲመታ ስሙ ጥሎኝ ይሄዳል።»

ሲስተር የጭን አጥንቱን አንስተው እጇ ላይ አኖሩላት። «እንግዲያው ስሙን ተይውና በአማርኛ ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ጭንቅላቱ የት ገብቶ እንደሚሽከረከር፣ አንገቱ ስለምን በሽማግሌ ላይ ቶሎ እንደሚሰበር፣ የትኛው ጡንቻ የት ላይ እንደሚይዝ። ሲስተር ሳያቋርጡ ሰሟት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ተቀምጠው ሲያስተምሩ አይተናቸው አናውቅም።

«እኔ የምፈልገው ይኼንን ነበር» አሉ። «ዋናው አለሽ። ስም ይለመዳል። ከሰዓት በኋላ ክፍሉን እከፍትላችኋለሁ፤ ደወሉንም እየመታሁ አለማምድሻለሁ።»

አባቷን መናኸሪያ የሸኘናቸው ሁለታችን ነን። ትቀራለች ብለን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ለምን አላሉም። «እንግዲያ ድንቹ ሳይበቅል ብሉት» ብለውን መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሲስተር ቃላቸውን ጠበቁ። ደወሉን እየመቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ያዞሯታል። ስትደነግጥ፣ «ተንፍሺ፤ አጥንቱ የትም አይሄድም» ይሏታል። ወሬው ተሰምቶ ሌሎቹም የወደቁ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፣ ክፍሉ ሞላ። የድጋሚው ፈተና ዕለት እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ስትወጣ ፊቷ አይነበብም። «ሁሉንም ጻፍኩ። ልክ ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል» አለችኝ። አለፈች። ከፍ ባለ ውጤት አልነበረም፣ ግን አለፈች።

ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ስንወጣ እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ እግራቸውን ያገኛቸው አንድ አዛውንት መጡ። ቁስሉን የምታጥበው እሷ ነበረች። ነጭ ጅማት ተገልጦ ይታይ ነበር፤ በሥዕል እንጂ እንዲያ ሆኖ አይተነው አናውቅም። እጇ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። ሐኪሙ የጅማቱን ስም ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ መለሰችለት፤ ቀጥሎ ወደ አዛውንቱ ዞረች።

«አባቴ፣ የእግርዎን አውራ ጣት ቀና ያድርጉልኝ እስቲ።»

ጣታቸው ተነሳች። «እሰይ፣ ጅማቱ አልተቆረጠም» አለቻቸው።

«አንቺ ካልሽ እሺ» አሉና እግራቸውን ዘና አደረጉ።

በተከታዩ ዓመት የወደቅሁት እኔ ነበርኩ። የመድኃኒት ትምህርቱ፣ በተለይ የመጠን ስሌቱ፣ በሽምደዳ አልገፋ አለኝ። ኮርሱን ልደግም ወደ ኋላ ስቀር እሷ ከክፍሏ ጋር ቀጠለች። ከእኔ በፊት ተመርቃ ቋሪት ውስጥ ጤና ጣቢያ ገባች። ያን ሰሞን ቡሬ ገብቼ እናቴን «ይኼ ነገር ይቅርብኝ» እስከማለት ደርሼ ነበር። ጓደኛዬ ግን ተረኛ ካልሆነች መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ ፍኖተ ሰላም ትመጣለች። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለ፣ ስንት ሚሊ ትቀጃለሽ እያለች ታሠራኛለች። መልሱን ፈጥኜ ስናገር አትቀበለኝም። «እንዴት አገኘሽው?» ትለኛለች።

አለፍኩ። ዛሬ ቡሬ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ለትንሽ ሕፃን መርፌ ስቀዳ ስሌቱን ሁልጊዜ በወረቀት እሠራዋለሁ፣ ባውቀውም። እሷ አሁን ማዋለጃ ክፍል ነች። አባቷ ለሰው ሲያወሩ ልጄ ነርስ ሆነች አይሉም አሉ፤ «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ነው የሚሉት። ባለፈው ስንደዋወል አንዲት ጀማሪ ነርስ እንደ መጣችላቸው፣ ከድንጋጤ የተነሳ ጓንቷን ማጥለቅ እንዳቃታት ነገረችኝ። ምን አልሻት ብላት፣ «ምንም። ጓንቷን አጥልቄላት ጎኗ ቆምኩ» አለችኝ። ከዚያ ምጥ የያዛት እናት መጣች ብላ ስልኩን ዘጋችው።