አልታየችና ቀንድ አውጣው

አልታየች አርፋ ቁጭ ማለት አታውቅም። እኔ በሰለች፣ ከደብረ ብርሃን በታች ወንዙ ዳር ሠላሳ ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ የበግ ጸጉር ያጠብኩት፣ ይህን ብል ማንም አይከራከረኝም። እጇ ሲያጥብ አፏ ሰው ያማል፤ አፏ ሲያርፍ እግሯ ይነሳል። ስጋጃ ሠሪዎቹ ግን ጸጉራቸውን ይዘው የሚመጡት እሷ ዘንድ ነው፤ እሷ ያጠበችው አይሸትማ! ለኔ የሚደርሰኝ ከሷ የተረፈው ነው። ይህ ሲያናድደኝ ኖሯል፣ አልዋሽም።

አንድ ልማድ ነበራት። ውሃው ውስጥ ከመግባቷ በፊት አንዱን ድንጋይ ገልበጥ አድርጋ ሥሩን ታያለች። ቀንድ አውጣ ተለጥፎበት ካገኘች «ቀንድ አውጣ ካለ ውሃው ደህና ነው» ትልና ቀሚሷን ሰብስባ ትገባለች። ከእናቷ የሰማችው ነው። ከላይ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ሲተከል፣ ውሃው አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ጥቁር ሆኖ ሲወርድ እንኳ ድንጋዩን ትገለብጣለች፤ ቀንድ አውጣው አለ። «ይኸው!» ትለናለች። እኛም አመንናት። በሷ ቃል ስንቱ ሰው ወንዙ ዳር ጎመንና ድንች ተከለ! እኔም ተክያለሁ።

አምና ልጇ ፀደንያ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ፣ ከአረርቲ ወደ እናቷ ቤት መጣች። አልታየች በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን። ልጅቱ «እማዬ፣ ሰለቸኝ» ስትል «ብዪ! ደም ይሆንሻል» ብላ ታጎርሳታለች።

በዚያው ሰሞን ማርያማዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጓንት አጥልቃ ወንዛችን ውስጥ ገባች። ቀንድ አውጣ እየለቀመች ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች።

«ምነው ልጄ፣ በጾም ይህን ልትበዪ ነው?» አለቻት አልታየች። እኔ በሳቅ ልሞት!

ማርያማዊትም ሳቀች። «አልበላውም እማማ። እሱ ምን እንደበላ ልጠይቀው ነው።»

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አስረዳችን። «ባሕር ውስጥ ዘመዶች አሉት፤ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል የለበሱ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ መልሰው ያወጣሉ። ውሃው ሲያልፍ ምግባቸውን ያስቀራሉ። ውሃው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረትም ሆነ ሌላ ኬሚካል ካለ እሱም አብሮ ይቀራል። ይህ የእናንተው ደግሞ ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴውን እየላሰ ነው የሚኖረው፤ ከላይ የሚለቀቀው ዝቃጭ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው።»

«እንደ ጠላ ማጥለያ በይኛ» አለች አልታየች። «ጠላው ያልፋል፣ አተላው ጨርቁ ላይ ይቀራል።»

«ልክ ነው፤ ግን ይህን ጨርቅ የሚያጥበው የለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። ውሃው ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ይሆናል።»

አልታየች ብድግ ብላ ድንጋዩን ገለበጠችና ቀንድ አውጣውን አፍጥጣ አየችው።

ማርያማዊት በወሩ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ቀንድ አውጣው ውስጥ ብዙ እርሳስ ተገኝቷል።

«ታዲያ ለምን አልሞተም?» ብላ ጮኸችባት አልታየች፣ ጥፋቱ የማርያማዊት ይመስል።

«መርዙን ችሎ ነው እንጂ ውሃው ደህና ሆኖ አይደለም፣ እማማ።»

«ጎመኑስ?»

«ጎመኑም በሥሩ ከውሃው ይስባል። እስኪመረመር ድረስ ባትበሉት...»

ቃሏን ሳትጨርስ አልታየች እየሮጠች ነበር። እኔም ጸጉሬን ውሃ ላይ ጥዬ ተከተልኳት። ፀደንያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትበላ ደረስን። አልታየች ሳህኑን ከእጇ ነጥቃ ሜዳ ላይ ደፋችው። ልጅቱ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» እያለች ታለቅሳለች፤ እሷ ግን ወንዙ ዳር ያለው ጓሮዋ ገብታ ጎመኑን ከነሥሩ መንቀል ይዛለች። የራሷን ስትጨርስ አጥሬን ዘላ የኔንም ነቀለችው!

«አንቺ እብድ! ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት።

«ስደቢኝ» አለች ቀና ሳትል። «ደግመሽ ስደቢኝ።»

እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ብድግ አለች። «ቀንድ አውጣ ካለ ውሃው ደህና ነው ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ጎመኑን አትብሉት።» ከሁላችን ብዙ የተከለው ገብረ ጻድቅ «አሁን ምን ብላ ነው የምትይኝ?» ብሎ ጥሏት ወጣ። አልፈርድበትም።

ማርያማዊት፣ ጤና ጣቢያው የፀደንያን ደም አዲስ አበባ ልኮ እንዲያስመረምር አደረገች። አልታየች የራሷንም ክንድ ዘረጋች። ውጤቱ አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። እነዚያን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጸጉር ተሸክማ ትወጣለች፣ ወንዙ አፋፍ ደርሳ ትመለሳለች። ልትፈትል ትቀመጣለች፣ ክሩ ይበጠስባታል፣ ትነሳለች። ፀደንያ «ረገጠኝ» ባለች ቁጥር ሮጣ ሆዷን ትዳስሳለች፤ ዝም ካለች ደግሞ «ለምን አልረገጠሽም?» ትላታለች። «በገዛ እጄ፣ በሰለች፣ በገዛ እጄ አጎረስኳት!» እያለች ደረቷን ስትመታ አንጀቴን በላችው። «አብረን ነው ያጎረስናት» አልኳት። አንዳንዱ ጎመን እኮ ከኔ ጓሮ ነበር።

ውጤቱ መጣ ሲባል ሦስታችንም ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ነርሷ ወረቀቱን አየችና «የፀደንያ ትንሽ ነው። የበላችው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ከተጠነቀቀች ለእሷም ለልጇም ያን ያህል አያሰጋም» አለች።

አልታየች እልልታዋን አቀለጠችው! ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ዘወር ብሎ አየን።

«ይቆዩ እማማ፣ የእርስዎን አላነበብኩም» አለች ነርሷ። ድምጿ ዝቅ አለ። የአልታየች ከፍተኛ ነበር፤ ለሕክምና ወደ ሆስፒታል ትላካለች።

«የኔማ የታወቀ ነው» አለች አልታየች፣ ፊቷ ገና ከደስታው ሳይመለስ። «እዚያ ድንጋይ ላይ ተለጥፌ የኖርኩት እኔ አይደለሁ?»

ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። እጄን ይዛ ወደ ነርሷ ገፋ አደረገችኝ።

«ይቺ ሠላሳ ዓመት ከጎኔ ነው የተቀመጠችው» አለቻት። «የሷንም ደም ውሰጂላት።»

እጅጌዬን መሰብሰብ አቃተኝ። አልታየች ሰበሰበችልኝ።